የመመረቂያ ፕሮጀክት አመራረጥ በምህንድስና ትምህርት፤ ከመካነ ሰላም ደጋ ሲታይ

የምህንድስና ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ቆይታው ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ጥያቄውን ራሱ እንዲያመጣ የሚፈቀድለት በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። እስከዚያ ድረስ ጥያቄውን የሚያወጣው መምህሩ ነው፤ መልሱም በመጽሐፉ ጀርባ ወይም በመምህሩ ማስታወሻ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በመመረቂያ ፕሮጀክት ግን ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ ያልታወቀ ነገር ፊት ይቆማል። ይሁን እንጂ ስለ ሪፖርቱ አጻጻፍ፣ ስለ ገጹ ኅዳግና ስለ ገለጻው ሥርዓት ዝርዝር መመሪያ ሲወጣ፣ ስለ ርእሱ አመራረጥ የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ርእስ መምረጥ እንደ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ተቆጥሮ በአንድ ቅጽና በአንድ ሳምንት ይጠናቀቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመር፣ ጉድለቱን ማሳየትና የተሻለ የአመራረጥ መንገድ ማመልከት ነው።

ለመነሻ የተወሰደው አካባቢ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በተለይም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ከተከፈቱለት ወዲህ፣ ከፍተኛ ትምህርት በሩቅ ከተማ የሚፈለግ ነገር መሆኑ ቀርቶ በደጋው መካከል ገብቷል። ተቋሙ ወደ ቦታው ሲመጣ ጥያቄውስ አብሮት መጥቷልን? ይህ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ ሳይሆን ባለፉት ዓመታት በየአካባቢው ለተከፈቱት ሁሉ የሚቀርብ ነው።

1. የተለመደው አመራረጥና ጉድለቱ

በብዙ የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ የመመረቂያ ሪፖርቶችን የሚያገላብጥ ሰው ርእሶቹ በየዓመቱ እንደሚመላለሱ ይገነዘባል። በሲቪል ምህንድስና አፈሩ ያልተመረመረ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ይነደፋል። በኤሌክትሪክ ምህንድስና የትራፊክ መብራት በሌለበት ከተማ ለትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ ይሠራል። በመካኒካል ምህንድስና የቡና መፈልፈያ ወይም የእህል መውቂያ መሣሪያ በኮምፒዩተር ይሳላል፤ ከስክሪኑ ግን አይወርድም። በሶፍትዌር ደግሞ የተማሪዎች መዝገብ አያያዝ ሥርዓት ዘንድሮም እንደ አምናው ይቀርባል።

እነዚህ ርእሶች በራሳቸው መጥፎ አይደሉም። ሕንፃ ይሠራል፤ እህልም ይወቃል። ጉድለቱ የተመረጡበት ምክንያት ላይ ነው። ርእሱ የሚመረጠው መልሱ አስቀድሞ ስላለ ነው። ከዚህም የተነሣ ፕሮጀክቱ የቀድሞው የፈተና ጥያቄ ሌላ መልክ ሆኖ ይቀራል። ተማሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አንድ አማካሪ መምህር ብዙ ቡድኖችን ይይዛል፤ ለቁሳቁስ የሚመደበው ገንዘብ አነስተኛ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና በዚያው የመጨረሻ ዓመት ላይ ተደርቧል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የውጤት አሰጣጡ ነው። አዲስ ነገር ሞክሮ ያልተሳካለት ቡድን ያለቀ ሥራ አስመስሎ ካቀረበው ያነሰ ውጤት የሚያገኝ ከሆነ፣ አስተዋይ ተማሪ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

ይህን ጉድለት ለማረም ሲባል የተፈጠረ ሁለተኛ ጉድለት አለ፤ ይኸውም «የማኅበረሰቡን ችግር የሚፈታ» ርእስ መውደድ ነው። የአንድን ወረዳ የመጠጥ ውኃ ችግር ማስወገድ፣ የገጠሩን የኃይል እጥረት መቅረፍ፣ የደጋውን ግብርና ማዘመን የሚሉ ርእሶች ቅጹ ላይ ሲታዩ ያኮራሉ። ይሁን እንጂ ችግሩ አልተለካም፤ ባለጉዳዩ አልተጠየቀም፤ ሥራውም «የሚመለከተው አካል ተግባራዊ ቢያደርገው» በሚል አስተያየት ይዘጋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ርእስ ተማሪውን ያታልላል፤ ሁለተኛው ግን የገበሬውንም ተስፋ ስለሚነካ ጉዳቱ የበለጠ ነው። መጥተው የጠየቁት፣ የለኩትና ፎቶግራፍ ያነሡት ተማሪዎች ሳይመለሱ ሲቀሩ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ አጥኚ በጥርጣሬ ይታያል።

2. ርእሱ መድፍ፣ ሥራው መንገድ

የፕሮጀክት አመራረጥን ለማስተማር ከዚሁ ከደጋው ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ዛሬም አለ። መድፉ የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ሲሆን፣ የሠሩትም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ መድፍ የመሥራት ልምድ ያልነበራቸው በመሆናቸው ሥራው በሙከራና በስሕተት የተገኘ ነው። ይህ ብቻውን ለማንኛውም ወርክሾፕ ትልቅ ትምህርት ነው።

መድፉ ግን በጋፋት ተሠርቶ በጋፋት የሚቀር አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው የጂዳንና የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆዎች አቋርጠው በዚያው ዓመት መጋቢት ወር መቅደላ እስኪደርሱ ድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ወሰደባቸው። ጊዜውን የወሰደው መድፉን የሚያሳልፍ መንገድ ቋጥኝ እየሰበሩ መሥራት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ታሪክ ጸሐፊዎች እንኳ መንገዱን ሳያደንቁ አላለፉም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ግን የተደከመለት መድፍ የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም፤ ሚያዝያ 6 ቀንም መቅደላ ተያዘች።

ይህን ታሪክ በምህንድስና ዓይን ለሚመረምር ሰው ሁለት ነገሮች ይታዩታል። አንደኛ፣ በርእሱ ላይ የተጻፈው ነገርና እውነተኛው ሥራ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ርእሱ መድፍ ነበር፤ ሥራው ግን መንገድ ሆነ። መሣሪያ የሚነድፍ ተማሪ መሣሪያው እንዴት እንደሚጓጓዝ፣ በማን እጅ እንደሚሠራና ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው ካልጠየቀ ከሥራው የሚበልጠውን ክፍል ከርእሱ ውጭ ትቶታል። ሁለተኛ፣ ጽናትና ትጋት የተሳሳተ ምርጫን አያርሙም። የዐፄ ቴዎድሮስ ቁም ነገረኛነት የሚጠረጠር አይደለም፤ ሆኖም በጊዜው ከፊታቸው ለነበረው አደጋ አንድ ከባድ መድፍ መልስ ሊሆን አልቻለም። በርእስ ምርጫ የጠፋ ነገር በአሠራር ብርታት አይመለስም።

3. ቦታው ራሱ የሚያነሣው ጥያቄ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁጥር በብዙ ሪፖርቶች «የጥናቱ አካባቢ መግለጫ» በሚለው ክፍል ውስጥ ተጽፎ ሁለተኛ አይነሣም። ቁጥሩ ግን ጌጥ አይደለም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም ብዙ ነገር ይከተላል።

ውኃ በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ስለሆነም ባቄላና አተር ለመብሰል ረጅም ጊዜ፣ ረጅም ጊዜውም ብዙ ማገዶ ይጠይቃል። ከጉድጓድ ውኃ በመሳብ የሚያወጣ ፓምፕ በባሕር ወለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ያህል ሊስብ ሲችል፣ እዚህ ወሰኑ ወደ 7.5 ሜትር ይወርዳል፤ በቧንቧው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የወፍጮ ቤት የናፍጣ ሞተር በስም ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። ከባሕር ወለል አገር የመጣ መጽሐፍ እየተከተለ ፓምፕ ወይም ሞተር የሚመርጥ ተማሪ ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ውጤቱ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ «በዚህ ከፍታ ላይ ይህ ወፍጮ በሰዓት ምን ያህል እህል ይፈጫል? በአንድ ሊትር ናፍጣስ?» ብሎ በሰዓትና በሚዛን መለካት ትሑት ቢመስልም፣ ከመጽሐፍ የማይገለበጥ እውነተኛ የምህንድስና ጥያቄ ነው። ባለወፍጮውም መልሱን ይፈልገዋል።

ሌላው ምሳሌ የእንጀራ ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገር ውስጥ የተሠራውና ምርጥ በመባል የሚታወቀው የሲሚንቶ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚጋገረው ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል ይታወቃል። ዛፍ በተራቆተው ደጋ ግን የብዙ ቤት ማገዶ እንጨት ብቻ ሳይሆን ኩበትም ነው። ኩበት እንደ እንጨት አይነድም፤ ነበልባሉ አጭር፣ አመዱ ብዙ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «አዲስ ምድጃ መፍጠር» የሚል ትልቅ ርእስ መሆን የለበትም። «ኩበት ሲነድበት የዚህ ምድጃ የማገዶ መግቢያና የአየር መተላለፊያ ምን መምሰል አለበት?» የሚል ጠባብ ጥያቄ ይበቃል። ፍተሻውም ቀላል ነው። አንዲት ጋጋሪ፣ አንድ ዓይነት ሊጥ፣ እኩል የደረቀ ኩበት፣ ሚዛንና የእንጀራ ቆጠራ ያስፈልጋል። ውጤቱን የሚዳኙትም ቁጥሩና የእንጀራውን ዓይን የምታውቀው እናት ናቸው። ኩበቱ ከምድጃ ሲተርፍ ወደ ማሳ ስለሚመለስ፣ ጉዳዩ ከጢስ አልፎ የአፈር ለምነት ጉዳይም ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ «የአካባቢ ችግር» ማለት የድህነት ዝርዝር ማለት አለመሆኑ ነው። ቦታው የራሱ ግፊት፣ ሙቀት፣ ቁልቁለትና ቁሳቁስ አለው። እነዚህን በስሌቱ ውስጥ ያስገባ ፕሮጀክት የአካባቢው ነው፤ በርእሱ ላይ የወረዳውን ስም የጻፈ ሁሉ ግን አይደለም።

4. የርእስ መጠንና የጎርፉ ምልክት

የደጋው ሰው ከገበያ፣ ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ርቀት ሳይሆን በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ስለዚህ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ድልድይ ቢመኝ አያስደንቅም። ነገር ግን በሽሎን የሚሻገር ድልድይ በሁለት ሴሚስተር የአራት ተማሪዎች ሥራ አይደለም።

በዚህ ረገድ በጎጃምና በጎንደር መካከል በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ሰዎች ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት የፈረሰውን ክፍል በብረት ጠገነው፤ በ2005 ግን ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ የተሠራ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተተካለት። የመጀመሪያው ጥገና ዓላማው በጎ፣ ሥራውም ብርቱ ነበር። ይሁን እንጂ የድልድዩን ዕድል የወሰነው የብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን የጎርፉ ከፍታ ነው።

ለተማሪ የሚመጥነው ፕሮጀክት እዚህ ላይ ይገኛል። አንድ መሻገሪያ መርጦ፣ ሽማግሌዎችን ጠይቆ፣ በቋጥኙ ላይ የቀረውን የጎርፍ ምልክት ለክቶ፣ የተፋሰሱን ስፋት ከካርታ አስልቶ፣ ሁለቱ መንገዶች የሚሰጡትን ከፍታ ማነጻጸርና የገመዱ ማሰሪያ የት መሆን እንዳለበት መወሰን ነው። ይህ ድልድይ አይሠራም። ነገ ድልድዩን ለሚሠራው መሐንዲስ ግን ከመቶ ገጽ የኮምፒዩተር ሥዕል ይልቅ ይጠቅመዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት እንዳይሆን፣ ተማሪው ሊጨርሰው የሚችለውን አንድ ክፍል ይያዝ።

5. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ሁሉም ተማሪ ምድጃና ወፍጮ ላይ ከሠራ ከፍተኛውን ቴክኖሎጂ ማን ይማረዋል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም መስፈርቱ የርእሱ ዝቅታ ወይም አገሬነት ሳይሆን የጥያቄው እውነተኛነት መሆኑ ነው። የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የሚያጠና ተማሪ በሆስፒታል የክትባት ማቀዝቀዣ ላይ መብራት ሲቋረጥ ሙቀቱ በስንት ሰዓት ከተፈቀደው እንደሚያልፍ ቢመዘግብና ማስጠንቀቂያ ቢነድፍ፣ ትምህርቱ አላነሰም።

ሌላው ተቃውሞ ተማሪን ወደ ገጠር መላክ ተሞክሮ የታየ ነው የሚል ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት አገልግሎት ተጀምሮ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተከትሏል። ሁለቱም ተማሪውን ከሕዝቡ ጋር አስተዋውቀዋል። መተዋወቅ ግን ብቻውን የንድፍ ጥያቄ አይሆንም። እዚህ የሚፈለገው የተለካ ጥያቄ ይዞ መሄድና መልስ ይዞ መመለስ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል የተከሠተው ግጭት የመስክ ጉዞን አስቸጋሪ ማድረጉም አይካድም። ስለዚህ በእግር የሚደረስበት ወፍጮ ቤት፣ የካምፓሱ ወጥ ቤትና የከተማው የውኃ መስመር ሩቅ ካለው ቀበሌ ይቀድማሉ።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃርቪ መድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1963 በጀመረው «ክሊኒክ» በተባለ ፕሮግራም ጥያቄውን የሚያመጣው የውጭ ባለጉዳይ ነው፤ ተማሪዎቹም መልሱን ለባለጉዳዩ ያስረክባሉ። በደቡብ ወሎ ደጋ ታላላቅ ኩባንያዎች የሉም። ሆኖም የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ባለወፍጮና ትምህርት ቤት አሉ። ባለጉዳይ ለመሆን ሀብት ሳይሆን እውነተኛ ጥያቄ ይበቃል።

6. ለአመራረጥ የሚረዱ ጥያቄዎችና ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርብ ሐሳብ

ማንኛውም ርእስ ከመጽደቁ በፊት አምስት ጥያቄዎች ቢቀርቡለት ይበጃል።

ሀ) ጥያቄው የማን ነው? መልሱን ተቀብሎ የሚጠቀም፣ ተመልሰው የሚያነጋግሩት ሰው አለን?

ለ) ከሥራው በፊትና በኋላ የሚለካው ምንድን ነው? በምን መሣሪያ?

ሐ) ከዚህ በፊት ማን ምን ሠርቶ የት ላይ ቆመ?

መ) በሁለት ሴሚስተርና በተመደበው ገንዘብ የሚያልቀው የትኛው ክፍል ነው?

ሠ) ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የሚጠግነው ማን ነው? አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በአፍሪካ ገጠር የተስፋፋው ጥገናው በጥቂት መፍቻ በመንደሩ ሰው እጅ እንዲሠራ ሆኖ በመነደፉ ነው።

ዕቅድ አውጪዎችም ሦስት ነገሮች ሊያደርጉ ይችላሉ። በመጀመሪያ፣ በየትምህርት ክፍሉ የጥያቄዎች መዝገብ ይከፈት። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችና ነዋሪዎች ጥያቄያቸውን ያስመዝግቡ፤ ያላለቀ ሥራም ለሚቀጥለው ዓመት ቡድን ይተላለፍ። ዛሬ እንደ ጉድለት የሚታየው ድግግሞሽ በዚህ መንገድ ወደ ቅብብሎሽ ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ከጠቅላላው ውጤት የተወሰነው ድርሻ ለርእሱ አመራረጥና ለመነሻ ልኬቱ ይሰጥ፤ በሐቅ ተሞክሮ ያልተሳካ ንድፍም ምክንያቱ በልኬት እስከተብራራ ድረስ ሙሉ ዋጋ ያግኝ። ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተባብረው ንድፉ በብረትና በእንጨት እንዲፈተሽ ያድርጉ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ድርሻም ቀላል አይደለም። የፊዚክስ መምህር በአንድ ቴርሞሜትርና በአንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ በመካነ ሰላም በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ቢያሳይና «መጽሐፉ ለምን 100 አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው ፕሮጀክት መሠረት ጥሏል። ጥያቄ የማንሣት ልማድ በአምስተኛው ዓመት በድንገት የሚበቅል አይደለም።

ማጠቃለያ

በአዲስ አበባ የምህንድስና ኮሌጅ ከተከፈተበት ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጡ ተቋማት ቁጥር እጅግ ጨምሯል። ቁጥሩ ግን በራሱ ግብ አይደለም። ተማሪው በመጨረሻው ዓመት የሚመርጠው ርእስ የትምህርቱ ሁሉ ሚዛን ነው፤ አገሩን በምን ዓይን እንዳየ የሚታወቀውም በዚያ ነው። የተገለበጠ ርእስ የተገለበጠ መሐንዲስ ያወጣል። ከዐቅም በላይ የሆነ ርእስም ቃል ገብቶ የማይመለስ መሐንዲስ ያወጣል። በመካከላቸው ያለው ጠባብ፣ የተለካና ባለቤት ያለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ፈልጎ ማግኘት ለሥራው መግቢያ የሚሆን ዝግጅት ብቻ ሳይሆን የሥራው ግማሽ መሆኑን መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሊያጤኑት ይገባል።